ብርድ፣ ዝናምና ነጎድጓድ፤ የክረምት ትንበያ ለእያንዳንዳቸው ምን ያህል ቃል ይገባል?

(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



በየዓመቱ የግንቦት ወር ሲገባደድ በኢትዮጵያ ደጋ አንድ ጥያቄ ከቤት ቤት ይዞራል። ገበሬው ማረሻውን እየሳለ፣ ነጋዴው የእህል ዋጋ እያሰላ፣ የከተማው ነዋሪ የጣሪያውን ቀዳዳ እየደፈነ፣ «የዘንድሮው ክረምት እንዴት ይሆን?» ይላል። ጥያቄው በመጨረሻ የሚያርፈው በግብርና ባለሙያው ላይ ነው። ባለሙያው ደመና አያዝም፤ የትንበያውንም ስሌት የሚሠራው እርሱ አይደለም። ይሁን እንጂ ከአዲስ አበባ የሚወጣው የወቅት መግለጫ ብዙ ጊዜ ወደ ገበሬው የሚደርሰው በእርሱ አንደበት እንደመሆኑ መጠን፣ ቃሉ ከመግለጫው ቢያልፍ ወይም ቢያጎድል ጉዳቱ የሚታየው በገበሬው ጎተራ ነው።

«ክረምት» የሚለው አንድ ቃል በውስጡ ሦስት ነገሮችን ይዟል፤ ብርድ፣ ዝናምና ነጎድጓድ። ሦስቱ አብረው ስለሚመጡ አብረው ይነገራሉ። ሰው ስለ እነርሱ አስቀድሞ ሊያውቅ የሚችለው መጠን ግን እኩል አይደለም። ብርዱ ከሞላ ጎደል የተረጋገጠ ነው። የወቅቱ የዝናም ድምር ሊነገር የሚችለው በዕድል ሚዛን ብቻ ነው። ነጎድጓዱ ደግሞ የሚታወቀው ሊደርስ ጥቂት ሰዓታት ሲቀሩት ነው። ሦስቱን በአንድ ዓይነት ድፍረት የሚናገር ባለሙያ፣ ምንም ሐሰት ሳይናገር ገበሬውን ሊያሳስት ይችላል። የዚህ ንግግር ዓላማ ይህንን ልዩነት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ባለው የሸዋ ደጋ ምሳሌነት ማሳየት ነው።

የቀደሙት ሰዎች ግምት

የክረምትን ጠባይ አስቀድሞ የመገመት ልማድ ከሳይንሱ በፊት የነበረ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ክረምትን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ቀን ይቆጥሩታል፤ በውስጡም ክፍሎችን ለይተው ስም አውጥተዋል። የመጀመሪያውን ክፍል በዘርና በደመና ስም ሲጠሩት፣ ከሐምሌ 19 እስከ ነሐሴ 9 ያለውን ደግሞ የመብረቅ፣ የነጎድጓድ፣ የባሕር፣ የአፍላግና የጠል ጊዜ ይሉታል። ይህ አከፋፈል ለረጅም ዘመን ሰማዩን ካዩ ሰዎች የተገኘ መሆኑ በቅደም ተከተሉ ይታወቃል፤ ዘርና ደመና ይቀድማሉ፤ የመብረቁ፣ የነጎድጓዱና የወንዙ ሙላት ይከተላሉ።

ሕዝቡም የራሱ ግምት አለው። ሰኔ በሰኞ ቀን ሲብት ዓመቱን ይፈራል፤ ክፉ ነገር ሲደራረብም «ሰኔና ሰኞ ገጠመ» ይላል። ይህ የቀን መቁጠሪያ ግጥምጥሞሽ እንጂ የሰማይ ምልክት አይደለም። «ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት፣ ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» የሚለው አባባል ግን ከዚህ የተሻለ መሠረት አለው። ቡሄ የሚውለው ነሐሴ 13 ቀን ነው። እርግጥ ከዚያ በኋላም በአዲስ አበባ ዙሪያ እስከ መስከረም የሚዘልቅ ዝናም ይጠበቃል፤ ይሁንና የክረምቱ ትልቁ ክፍል ማለፉን አባባሉ በትክክል ይናገራል። ስሕተት የሚሆነው ገበሬው አባባሉን እንደ ቀጠሮ ቆጥሮ፣ ከቡሄ በኋላ ለሚመጣው በረዶና ጎርፍ ሳይዘጋጅ ሲቀር ነው።

ስለ ብርዱ

በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ የአውሮፓ አገሮች በበጋ ሙቀት ውስጥ ናቸው። ኢትዮጵያም በዚያው በሰሜኑ የምድር ክፍል ትገኛለች፤ እንዲያውም ፀሐይ በአዲስ አበባ አናት ላይ በቀጥታ የምታልፈው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዱ በሚያዝያ መግቢያ፣ ሁለተኛው በነሐሴ ማገባደጃ ነው። የፀሐይን አካሄድ ብቻ የሚያውቅ ሰው ቢጠየቅ ነሐሴን ከሞቃቶቹ ወራት መካከል በቆጠረው ነበር። ሆኖም በአዲስ አበባ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት በበልግ ወራት በአማካይ ወደ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ፣ በሐምሌና በነሐሴ ወደ 20 ወይም 21 ዲግሪ ይወርዳል።

ምክንያቱ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ደመናው የፀሐይን ጨረር መልሶ ወደ ሰማይ ይሰድደዋል። ሁለተኛ፣ ወደ ምድር ከደረሰው ሙቀት ብዙው እርጥቡን አፈር ለማትነን ስለሚውል አየሩን ለማሞቅ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ሦስተኛ፣ ዝናም ሲወርድ ከላይ ያለውን ቀዝቃዛ አየር ይዞ ይወርዳል፤ ከዶፍ ዝናም በፊት ፊትን የሚገርፈው ቀዝቃዛ ነፋስ ይኸው ነው።

የሌሊቱ ነገር ግን የተለየ ነው። በቀን ፀሐይን የከለከለው ደመና በሌሊት የምድርን ሙቀት እንደ ብርድ ልብስ ሸፍኖ ይይዛል። በዚህም የተነሣ የክረምት ሌሊት በአዲስ አበባ በአማካይ ከ10 እስከ 11 ዲግሪ ሲሆን፣ ሰማዩ ጥርት በሚልበት በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ሙቀቱ ወደ 8 ዲግሪና ከዚያም በታች ይወርዳል። ውርጭ የበጋ እንጂ የክረምት ጠላት ያልሆነው ስለዚህ ነው። የክረምት ብርድ የሚሰማው ቀኑ ሳይሞቅ ስለሚውል፣ ልብስም ግድግዳም ስለማይደርቅ ነው። ከዚህ ሌላ በየ1000 ሜትር ከፍታ ሙቀቱ በአማካይ በ6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀንስ፣ በእንጦጦ ጫፍ የሚኖር ሰው ከከተማው መካከል ነዋሪ የበለጠ ይበርደዋል።

ይህ ሁሉ በየዓመቱ ሳያሰልስ የሚደጋገም ስለሆነ ባለሙያው ስለ ብርዱ በእርግጠኝነት ሊናገር ይችላል፤ ሊዘጋጅበትም ይገባል። ቀዝቃዛና እርጥብ አየር የስንዴ ቢጫ ዋግ የሚወደው አየር ነው። የድንችን ቅጠል አጥቁሮ በጥቂት ቀናት ማሳውን የሚያጠፋው በሽታም የሚስፋፋው በዚሁ አየር ነው። በሽታን የሚቋቋም ዘር መምረጥ፣ መድኃኒት አስቀድሞ ማቅረብ፣ ማሳን በየሳምንቱ መጎብኘት የሰማይን ውሳኔ የማይጠብቁ ሥራዎች ናቸው።

ስለ ዝናሙ መጠን

በአዲስ አበባ በዓመት ከሚወርደው 1200 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናም ከሦስት እጅ ሁለቱ እጅ በላይ የክረምት ዝናም ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ብቻቸውን የዓመቱን ግማሽ የሚጠጋ ያወርዳሉ። ይህን ዝናም የሚያመጣው ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን የሚወጣው የምድር ወገብ የዝናም መቀነት ነው። እርጥበቱ ከአትላንቲክ ውቅያኖስና ከኮንጎ ደን በኩል፣ እንዲሁም ከሕንድ ውቅያኖስ ይመጣል። ይህ እርጥብ ነፋስ የኢትዮጵያን ደጋ ሲያገኝ ወደ ላይ ለመውጣት ይገደዳል፤ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝም ደመና ይሆናል።

ሂደቱ በየዓመቱ አንድ ቢሆንም ኃይሉ ይለያያል። ከሚለዋውጡት ምክንያቶች ዋናው በሩቁ የፓስፊክ ውቅያኖስ የሚታየው የባሕር ወለል መሞቅና መቀዝቀዝ ነው። ባሕሩ ከልማዱ በላይ የሚሞቅበት ኤል ኒኞ የኢትዮጵያን ክረምት ብዙ ጊዜ ያሳንሰዋል፤ የሚቀዘቅዝበት ላ ኒኛ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያበረታዋል። «ብዙ ጊዜ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ሊዘለል የማይገባው ነው።

በ1973 ዓ.ም. የሚቲዎሮሎጂ ሥራ ራሱን በቻለ ብሔራዊ መሥሪያ ቤት ተደራጀ። የ1977ቱ ረሀብ ካለፈ በኋላ፣ በ1979 ዓ.ም. ገደማ፣ የወቅት ትንበያ መስጠት ተጀመረ። ዛሬ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የወቅት፣ የወር፣ የአሥር ቀንና የዕለት ትንበያዎችን ያወጣል። በወቅቱ ትንበያ ውስጥ የሚገኙት ሦስት ቃላት «ከመደበኛ በላይ»፣ «መደበኛ» እና «ከመደበኛ በታች» የሚሉት ናቸው። ቃላቱ ቀላል ይመስላሉ፤ ትርጉማቸው ግን በሚገባ ሊጤን ይገባዋል።

ያለፉት 30 ዓመታት ክረምቶች በዝናማቸው መጠን በተርታ ቢደረደሩ፣ 10ሩ እርጥቦቹ፣ 10ሩ መካከለኞቹ፣ 10ሩ ደረቆቹ ይሆናሉ። ምንም መረጃ የሌለው ሰው ለመጪው ክረምት ለእያንዳንዱ ክፍል ከሦስት አንድ ዕድል ከመስጠት በቀር ሌላ ማለት አይችልም። ትንበያው የሚያደርገው ይህን ሚዛን ወደ አንድ ወገን ማዘንበል ነው። ለምሳሌ ያህል፣ ለአንድ አካባቢ «ከመደበኛ በላይ» የመሆን ዕድሉ 45 በመቶ፣ «መደበኛ» 35 በመቶ፣ «ከመደበኛ በታች» 20 በመቶ ነው ተብሏል እንበል። ይህ ማለት እንዲህ ያለ መግለጫ በወጣባቸው አምስት ዓመታት ውስጥ አንዱ ደረቅ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። በዚያ ዓመትም ትንበያው አልተሳሳተም፤ አስቀድሞ የተናገረው አንዱ ዕድል ደረሰ እንጂ። ባለሙያው ግን መግለጫውን አሳጥሮ «ዘንድሮ ዝናሙ ጥሩ ነው ተብሏል» ብሎ ከነገረው፣ ያለውን ዘር ሁሉ በአንድ ጊዜ የዘራው ገበሬ የሚያስታውሰው 20 በመቶውን ሳይሆን የባለሙያውን ቃል ነው። በሚቀጥለው ዓመት እውነተኛ ማስጠንቀቂያ ቢመጣ እንኳ የሚሰማ ጆሮ አይገኝም።

የማስጠንቀቂያ ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ በ2007 ዓ.ም. ታይቷል። በዚያ ዓመት ኤል ኒኞ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት በፓስፊክ ላይ ታይቶ ነበር። ክረምቱ በብዙ አካባቢዎች ከሸፈ፤ በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ የምግብ እርዳታ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ቁጥር 10.2 ሚሊዮን መሆኑ ተገለጸ። በውቅያኖስ ላይ በታየው ምልክትና በታኅሣሥ በተነገረው ቁጥር መካከል ወራት ነበሩ። የወቅት ትንበያ የሚሰጠው ትልቁ ሀብት እነዚህ ወራት ናቸው።

በአንጻሩ ደግሞ «ከመደበኛ በላይ» የሚለው ቃል ሁልጊዜ የምሥራች አይደለም። በ2002 ዓ.ም. ክረምት ላ ኒኛ ሠፍኖ ዝናሙ ለጋስ ነበር፤ በዚያው ክረምትና በተከተለው መኸር ግን ቢጫ ዋግ በወረርሽኝ መልክ ተነሥቶ የደጋውን ስንዴ ክፉኛ ጎዳ። በጥቁር ዋልካ መሬት ላይም ብዙ ዝናም ማለት ውኃ የተኛበት ማሳ ማለት ነው። ውኃ ማፋሰሻ ቦይ ያላወጣ ገበሬ በእርጥብ ዓመት የሚያጣው ምርት በደረቅ ዓመት ከሚያጣው ላያንስ ይችላል።

ከሁሉ በላይ፣ የወቅቱ ድምር የዝናሙን አመጣጥ አይናገርም። 600 ሚሊ ሜትር ዝናም በየሦስትና በየአራት ቀኑ ተከፋፍሎ ሊወርድ ይችላል፤ ያው 600 ሚሊ ሜትር ሰኔን አስጎምዥቶ፣ ሐምሌን ለሦስት ሳምንት አቋርጦ፣ በነሐሴ በዶፍ ሊወርድ ይችላል። በመዝገብ ሁለቱ ዓመታት እኩል ናቸው፤ በማሳ ግን አንዱ ጥጋብ ሌላው ችግር ነው። ስለዚህ ጤፍ የሚዘራበትን ሳምንትና ማዳበሪያ የሚጨመርበትን ቀን መወሰን የሚገባው በወቅቱ መግለጫ ሳይሆን፣ በየጊዜው በሚወጣው የአሥር ቀን ትንበያና ማሳውን ቆፍሮ የአፈሩን እርጥበት በማየት ነው።

ስለ ነጎድጓዱ

ነጎድጓድ ከሦስቱ እጅግ አጭር ዕድሜ ያለው ነው። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ፀሐይ እርጥቡን ምድር ታሞቃለች፤ ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ነጫጭ ደመናዎች በተራሮቹ ጫፍ ላይ መከመር ይጀምራሉ። ከ9 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ክምሩ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሰማይ ሊቆም ይችላል። በውስጡ የበረዶ ቅንጣቶች እርስ በርሳቸው ሲጋጩ የኤሌክትሪክ ሙላት ይለያያል፤ ልዩነቱ ሲበዛ መብረቅ ሆኖ ይፈነዳል። የመብረቁ መሥመር ወደ 30000 ዲግሪ ስለሚሞቅ አየሩ በድንገት ይለጠጣል፤ ነጎድጓድ የሚባለው ድምፅ ይኸው ነው። የአንድ ክምር ደመና ዕድሜ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም፤ በረዶው አንዱን ማሳ ሙልጭ አድርጎ ሲመታ ጎረቤቱን ሳይነካ ሊያልፍ ይችላል።

እንዲህ ያለውን ነገር በግንቦት ወር ሆኖ ለሐምሌ የሚናገር ትንበያ የለም፤ ሊኖርም አይችልም። የዕለቱ ትንበያ «ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ የቀላቀለ ዝናም ይኖራል» ሊል ይችላል፤ የትኛው ኮረብታ እንደሚመታ የሚታወቀው ግን ደመናው ቆሞ ሲታይ ነው። ስለዚህ በዚህ ረገድ የመጨረሻው ተንባይ በሜዳው ላይ ያለው ሰው ራሱ ነው።

ጥንቃቄው በራስ ላይ የወረደውን ዝናም በማየት ብቻ የሚወሰን አይደለም። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. የድሬዳዋን ከተማ ያጥለቀለቀው ጎርፍ ውኃውን ያመጣው ከከተማው በላይ ካለው ደጋ ነበር። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚታየው የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ። በሸዋ ደጋም ቢሆን ከብቶቹን ከወንዝ ማዶ ያሰማራ እረኛ ማየት ያለበት በላዩ ያለውን ሰማይ ብቻ ሳይሆን የወንዙን ምንጭ ሰማይ ጭምር ነው።

መብረቅ የሚያገኛቸው ሰዎች እነማን እንደሆኑ የሰዓቱ ነገር ራሱ ይነግራል። ከ9 እስከ 12 ሰዓት በሜዳ ላይ የሚገኙት አራሹ፣ አራሚዋ፣ እረኛውና ከትምህርት ቤት የሚመለሱት ልጆች ናቸው። ሁሉም ሊያውቁት የሚገባ ቀላል ስሌት አለ። ብርሃኑ ታይቶ ድምፁ እስኪሰማ ያለው ጊዜ ይቆጠር፤ ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ሦስት ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። ቆጠራው 30 ሳይሞላ ድምፁ ከተሰማ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ያነሰ ርቀት ላይ ስለሆነ ሥራ ተትቶ መጠለል ይገባል፤ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም 30 ደቂቃ ሳይሞላ መውጣት አይገባም።

የመጠለያው ነገር የባሰ ጥንቃቄ ይሻል። ዝናም የሸሸ ሰው የሚሮጠው ወደ ትልቅ ዛፍ ነው፤ ብቻውን የቆመ ዛፍ ግን ከሁሉ የከፋው መጠለያ ነው። ብዙዎቹ የሚጎዱት መብረቁ በቀጥታ ስለመታቸው ሳይሆን፣ ዛፉን ወይም ምድሩን የመታው ኃይል በመሬት ውስጥ ተሠራጭቶ በእግራቸው ስለሚገባ ነው። በዛፍ ሥር የተሰበሰቡ ከብቶች በአንድ ጊዜ የሚያልቁትም የፊትና የኋላ እግራቸው ተራርቆ ስለሚቆም ነው። የሣር ጎጆና የእረኛ ዳስ ዝናም እንጂ መብረቅ አይከለክሉም። የተሻለው መጠለያ መብረቅ ማስተላለፊያ የተተከለለት ሕንፃ፣ ወይም ጣሪያውና ዙሪያው ብረት የሆነ፣ መስኮቱ የተዘጋ መኪና ነው። መብረቅ የመታው ሰው በሰውነቱ ውስጥ ኤሌክትሪክ አይቀርም፤ ስለዚህ ሳይፈሩ መንካት፣ ትንፋሹና የልቡ ምት ቆሞ እንደሆነ ደረቱን በመጫንና ትንፋሽ በመስጠት መርዳት፣ ወዲያውም ወደ ሕክምና ማድረስ ያስፈልጋል። ሰዎች ነክተውት እንዳይመቱ ፈርተው በሚቆሙባቸው ደቂቃዎች ሊተርፍ የሚችል ሕይወት ሊያልፍ ይችላል።

የባለሙያው ድርሻ

ከላይ ከተነገረው የሚከተለው ተግባር ከባድ አይደለም። ባለሙያው የክረምቱን መግለጫ ለገበሬው ሲያደርስ ሦስቱን ነገሮች ለየብቻ፣ እያንዳንዱንም በሚገባው እርግጠኝነት ይናገር። ስለ ብርዱና እርሱ ስለሚያስከትላቸው በሽታዎች ያለ ማመንታት ይንገር፤ ዝግጅቱም በግንቦት ይጀመር። ስለ ዝናሙ ድምር ሲናገር ዕድሉን ከነተቃራኒው ያስረዳ። «ከአምስት አንዱ ደረቅ ሊሆን ይችላል» የሚለውን አነጋገር፣ በየዓመቱ ከሰማይ ጋር ሲደራደር የኖረ ገበሬ በሚገባ ይረዳዋል፤ የሚከብደው መቶኛውን ለመተው ለሚቸኩለው አስተላላፊ ነው። ዕድሉን የተረዳ ገበሬ ማሳውን ከፍሎ አንዱን ቶሎ በሚደርስ ዘር ይሸፍናል፤ ከዘሩም ጥቂቱን ለሁለተኛ ጊዜ ያስቀምጣል። ስለ ነጎድጓዱ ደግሞ ቀጠሮ አይስጥ፤ ይልቁንም የሰዓቱን ጠባይ፣ ቆጠራውንና መጠለያውን ያስተምር፤ ትምህርቱም በስብሰባ ብቻ ሳይሆን በየትምህርት ቤቱ ይሰጥ።

ከዚህም በላይ መግለጫ በተነገረ ቁጥር ሁለት ነገሮች አብረው ሊነገሩ ይገባል፤ መግለጫው ምን ያህል ሰፊ አካባቢን እንደሚመለከትና አዲስ መግለጫ የሚወጣበት ቀን። ለአንድ ሰፊ ቀጣና የተነገረ ቃል ለአንድ ቀበሌ የተነገረ መስሎ እንዳይወሰድ የመጀመሪያው ይጠብቃል። በግንቦት የሰማውን ይዞ እስከ መስከረም የሚጓዝ ገበሬ እንዳይኖርም ሁለተኛው ይረዳል። የአንድ ክረምት ምክር በአንድ ስብሰባ አያልቅም፤ በየአሥር ቀኑ እየታደሰ ከዘር እስከ አጨዳ ገበሬውን መከተል አለበት።

ደመናው በእንጦጦ ላይ መከመር የሚጀምርበት ወር እየቀረበ ነው። አባላቱ ወደየሥራ ቦታቸው ሲመለሱ «የዘንድሮው ክረምት እንዴት ይሆን?» የሚለው ጥያቄ በየደጁ ይጠብቃቸዋል። ለጥያቄው የሚገባው መልስ የሚታወቀውን በሙሉ ድምፅ፣ የሚገመተውን በሚዛኑ የሚናገር፣ የማይታወቀውንም ምን ተደርጎ እንደሚጠበቅ የሚያሳይ መልስ ነው።